ድሪዬን ከጫልቱ አንገት ላይ አውልቅልኝ

አንድን ድሪ ከአንዷ አንገት አውልቆ ለባለቤቷ እንዲመልስ የሚላክ ሰው ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ፖሊስ ነው። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ቡራዩ ውስጥ በአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ የመንገድ ምልክት አስተምራለሁ። ሥራዬ በአጭሩ «ቀይ ክብ ካያችሁ አትግቡ» ማለት ነው። ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ለሰው ስናገር ኖሬ ራሴ ሰተት ብዬ ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ ልንገራችሁና ፍረዱኝ። መፍረዱ ቢከብዳችሁ እንኳ ቢያንስ አብራችሁኝ ተበሳጩ፤ ብቻዬን መበሳጨት ሰልችቶኛል።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ማሰልጠኛው ውስጥ ተማሪ በጠፋበት አንድ ሳምንት ስልኬን ስጎረጉር አንዲት ሴት በእጅ የተሠራ የጆሮ ጌጥ ፎቶ አንስታ፣ ዙሪያውን ቆርጣ ጥላ፣ አባዝታ፣ አዟዙራ፣ ቀለም ነስንሳ የአበባ ማሳ ስታደርገው አየሁ። ዲጂታል አርት ይሉታል። «ይሄማ ምን ያቅተኛል?» አልኩ። አገር ያጠፋው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ እኛ ጋ ሊመዘገብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ተጎጂ የባለቤቴ የሰናይት የጆሮ ጌጥ ነበር። ከናስ የተቀጠቀጠ፣ ጓደኛዋ በእጇ ሠርታ የሰጠቻት ነው። ፎቶ አነሳሁት፣ ቆረጥኩት፣ ሃያ አራት ቦታ አባዛሁት፣ አረንጓዴ ቀባሁት። ሁለት ቀን ለፍቼ ስልኩን እንደ ሕፃን በሁለት እጄ ይዤ አሳየኋት።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ለመታጠቢያ ቤቱ ይበዛበታል።»

«ምኑ?»

«ሴራሚኩ።»

ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ጥፋቱ የጆሮ ጌጡ ነው። የተሻለ ጌጥ ያስፈልገኛል።

የተሻለ ጌጥ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። ከኛ በሦስተኛው በር ሐጂ ሙዘይንና ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ይኖራሉ፤ መንገድ ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነሱ ነው። ሐጂ በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ስማቸው የሚጠራ የብር አንጥረኛ ነበሩ። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እትዬ ዘሐራን ሊያገቡ ሲሉ የማርትሬዛ ብር አቅልጠው በገዛ እጃቸው አንድ ድሪ ሠርተውላቸዋል። እያንዳንዷ የብር ፍሬ እንደ ሽምብራ ድብልብል ብላ፣ ላይዋ ላይ ከጤፍ የማይበልጥ ነጠብጣብ ተዘርቶባታል። መሃሉ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጌጥ ተንጠልጥሏል፤ ከጨረቃዋ ሥር ደግሞ ሲነኩ የሚንሿሹ ጥቃቅን ሻኩራዎች ተደርድረዋል። ይህን ድሪ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ያየው ግን የለም። ድሪው ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ እትዬ ዘሐራ ወገብ ላይ ነው የሚኖረው።

ፎቶ ላንሳው ብዬ ስጠይቅ ሐጂ ወዲያው እሺ አሉ። እትዬ ዘሐራ ግን አሰቡበት።

«ሲነሳ አይሳሳም?» አሉ።

«ብር በመታየት አያልቅም፣ ዘሐራ» አሏቸው ሐጂ።

«እሺ። ግን ከእጄ አይወጣም። እንደያዝኩት አንሳው።»

እንደያዙት አነሳሁት። አርባ ፎቶ አነሳሁ፤ አርባውም ላይ ሂና የተቀባ አውራ ጣታቸው አለ። እባክዎ እትዬ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት ስላቸው ጣቱ ዝቅ ይላል፤ ግን አይለቅም። የሰው ጣት መቁረጥ በሕግ እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ፤ በስልክ ላይ መቁረጥ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። ያቺን አውራ ጣት ከድሪው ላይ ለማንሳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከጣቱ ሥር የተደበቁትን ሦስት ፍሬዎች ማንም ስላላያቸው ከጎን ካለችው ፍሬ ቀድቼ ሞላሁ።

ከዚያ በኋላ ድሪውን ከመናገሻ ጫካ በላይ እንደምትወጣ ፀሐይ አድርጌ ሠራሁት። ዛሬም ቢሆን ሥራው መጥፎ ነበር አልልም። ወስጄ አሳየኋቸው። እትዬ ዘሐራ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ምነው ድሪዬን የጭነት መኪና ጎማ አደረግኸው?» አሉ።

ሐጂም አዩትና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ደክመሃል» አሉኝ። ስድብ ከዚህ ይሻላል። የተሳደበ ሰው ቢያንስ ከልቡ አይቶልሃል።

ቁስሌ ሳይደርቅ አዴ ጫልቱ መጡ። አዴ ጫልቱ የእትዬ ዘሐራ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አንዳቸው የሌላቸውን ምጥ፣ ሐዘንና ድግስ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ልጃቸው ሌሊሴ ለአንድ የሱሉልታ ልጅ ታጭታ ነበር። የሙሽራው ሽማግሌዎች ቤታቸውን ሊያዩ ስለሚመጡ አዴ ጫልቱ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ተነስተዋል።

«አንተ ልጅ፣ ስልክ ላይ ጌጥ ታወጣለህ ታገባለህ አሉ» አሉኝ። ጎልማሳ ነኝ፤ ለአዴ ጫልቱ ግን ሁሌም ልጅ ነኝ። «ማሎ፣ እባክህ ይቺን አንገቴን እያት። ራቁቷን ናት። ትንሽ ነገር ጣል አድርግባት።»

ስልኬ ውስጥ ያሉኝ ጌጦች ሁለት ናቸው። አንዱ ሴራሚክ ተብሏል። ሌላውን ጣል አደረግሁባት።

የማን ነው ብዬ አላሰብኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ያ ድሪ ስልኬ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሲከርም የኔ መስሎኝ ነበር። ጣቱን የቆረጥኩት እኔ፣ ፍሬውን የሞላሁት እኔ። ባለቤቱስ ማን ሊሆን ነው?

ደግሞ ተስማማቸው! አዴ ጫልቱ አንገታቸው ረጅም ነው፤ ድሪው ሲያርፍበት እዚያው የተወለደ ይመስላል። ከአገጫቸው ሥር ጥላ አስገባሁ፣ ብርሃኑን ከቀኝ አመጣሁ፣ ሻኩራዎቹን ቀሚሳቸው ላይ አስተኛሁ። ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ «ወይ ጉድ» አለች። አዴ ጫልቱ ግንባሬን ሳሙኝ። ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ ከሳሎናቸው በር ፊት ለፊት ተሰቀለ። እኔም በዚያ ሳምንት በሰፈራችን አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሙሽራው እናት አዴ ሹኔም አብረው መጡ። ገና ከመግባታቸው ፎቶው ፊት ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ቢባሉም አልተቀመጡም። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አነሱት። ሰበታ ላለችው እህታቸው ላኩት፣ ፉሪ ላለችው ላኩት፣ ለገዳዲ ላሉት ዘመዶቻቸው ላኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ከሱሉልታ መልእክት መጣ፦ በሠርጉ ዕለት የሙሽሪት እናት ያንን ድሪ አድርገው በር ላይ ይቀበሉን።

«ምን አሉ ታዲያ?» ብዬ አዴ ጫልቱን ጠየቅኋቸው።

«በደስታ አልኩ። ምን ልበል? አንገቴ ላይ ያለው ስልክ ነው ልበል?»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘሐራ ለሠርጉ በርበሬ ሊቀነጥሱ አዴ ጫልቱ ቤት ገቡ። እንደነገሩኝ ከሆነ ሲገቡ እየሳቁ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ወንፊታቸውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡና ወጡ። ቤታቸው ገብተው ሳጥኑን ከፈቱ፣ ድሪውን አዩ፣ ሳጥኑን ዘጉ። ቀጥለው ወደ እኔ መጡ።

ወደ ቤቴ ቢመጡ ጥሩ። ማሰልጠኛው ነው የመጡት። አሥራ አምስት ተማሪ ፊት «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውን ምልክት እያስረዳሁ በሩ ብርግድ አለ።

«ድሪዬን ከጫልቱ አንገት ላይ አውልቅልኝ» አሉ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ ዘሐራ… ድሪዎ ሳጥንዎ ውስጥ የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ ካለ ምን…»

«ሳጥን ውስጥ ያለውንማ እኔ እጠብቀዋለሁ። አንገቷ ላይ ያለውን ማን ይጠብቅልኝ?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ መጀመሪያ ድሪውን ከሳጥን ያወጣኸው እንዴት ነው?» አለኝ። ቁልፍ ሰባሪ መስዬው መሆን አለበት።

«ስማኝ» አሉ እትዬ ዘሐራ። «እሷ አንገት ላይ እስካለ ድረስ ከጫልቱ ድግስ የለሁበትም። ለእስላሙ ድስት ሌላ ሰው ትፈልግ ብለህ ንገራት።»

ይህች ነገር ቀልድ እንዳትመስላችሁ። አዴ ጫልቱ ቤት ድግስ ሲኖር የሙስሊም እንግዶች ምግብ ለሠላሳ ዓመት የእትዬ ዘሐራ ኃላፊነት ነው። በጉ በሐጂ ይታረዳል፣ ድስቱ በእትዬ ዘሐራ ይወጣል። እሳቸው ከሌሉ የሰፈሩ ግማሽ ሠርጉ ላይ ቁጭ ብሎ ለስላሳ ይጠጣል ማለት ነው። እሱም ከመጣ።

ወደ አዴ ጫልቱ ሮጥኩ።

«ለኪ! አይሆንም!» አሉ። «ሱሉልታ ያየውን አንገት ዛሬ ልታራቁት ነው? ዘሐራስ ምን ጎደለባት? አንድ ፍሬ ወሰድኩባት? ቢቸግረኝ እንኳ የድሪዋን ፎቶ ነው የለበስኩት።»

«እሳቸውም ፎቶው ይውለቅ ነው የሚሉት።»

«እሷ መጥታ ትንገረኝ።»

«አልመጣም ብለዋል።»

«እንግዲያው ለኔ አልተባለም።»

ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው ሠላሳ እርምጃ ነው። በዚያ ሳምንት ያችን ሠላሳ እርምጃ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩባት ጫማዬ ያውቃል። ለማስታረቅም ሞከርኩ። ድሪውን አንስቼ የሰናይትን የጆሮ ጌጥ በረድፍ ብደረድርበት አዴ ጫልቱ የብስክሌት ሰንሰለት ያጠለቁ መሰሉ። ነጠላ ባለብሳቸው አንገታቸውን በፋሻ የተጠቀለሉ መሰሉ። በመጨረሻ ቦታውን አደበዘዝኩት።

«እንቅርታም አማት ልታደርገኝ ነው?» ብለው ጮኹብኝ።

ሰፈሩ ደግሞ ይህን ሁሉ መከራዬን እያየ ማዘን ሲገባው ወረፋ ያዘ። የማሰልጠኛው ዘበኛ እጁ ላይ ሰዓት ጣል እንዳደርግለት ለመነኝ። ሥጋ ቤቱ «አንዲት የወርቅ ጥርስ ብቻ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ፈተና የወደቀ አንድ ተማሪዬ ደግሞ ወደ ጥግ ወስዶ «መምህር፣ የራስዎ ተማሪ አይደለሁ? ፎቶዬ ላይ መንጃ ፈቃድ ጣል ያድርጉልኝ» አለኝ።

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው አንድ ነገር ወሰንኩ። የነገሩ ምንጭ ሱሉልታ ነው፤ ሱሉልታ ሄጄ ለአዴ ሹኔ እውነቱን ብነግራቸው ድሪው በሠርጉ ቀን አይጠበቅም፣ አዴ ጫልቱም ፎቶውን ያወርዳሉ፣ እትዬ ዘሐራም ድስታቸውን ይጥዳሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ሁለት ሚኒባስ ቀያይሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «እናቴ፣ ያዩት ፎቶ በስልክ የተቀነባበረ ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር በአፌ ሳመላልስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

አዴ ሹኔ ከሰበታ ከመጣችው እህታቸው ጋር ቤት ውስጥ ነበሩ። ከሙሽሪት ሰፈር የመጣ እንግዳ መሆኔን ሲሰሙ ጨጨብሳ ቀረበ፣ ወተት ቀረበ። ጨጨብሳ እየበላ እውነት የሚናገር ሰው አላውቅም። ገና አፌን ስከፍት አዴ ሹኔ ስልካቸውን አወጡ። ፎቶውን አሰፉት፤ አዴ ጫልቱ ጠፍተው ድሪው ብቻ ቀረ።

«ይሄንን ሳይ ልጄ ደህና ቤት ገባ አልኩ» አሉኝ። «እናትየዋ እንዲህ ያለ የጥንት ነገር ጠብቃ የያዘች ሴት ናት። ልጇንም እንዲሁ ጠብቃ ነው ያሳደገቻት።»

ምን ልበል? ወተቱን ጠጣሁ።

በዚህ ጊዜ እህትየዋ ጎንበስ ብላ በጣቷ ስክሪኑን ነካችና «ኤኙቱ ሆጄቴ?» አለች።

የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አልፎ ብዙም አይዘልቅም። ይቺን ግን ተረዳኋት፤ ማን ሠራው ማለቷ ነው። መረዳቴ ራሱ አስደሰተኝ። ደግሞ አስቡት፤ ስንት ሳምንት ስለፋ ሴራሚክ ተብያለሁ፣ ጎማ ተብያለሁ፣ እንቅርት ተብያለሁ። ማን ሠራው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ደረቴን ነፋሁ።

«አነቱ ሆጄቴ!» አልኩ። እኔ ነኝ የሠራሁት!

እኔ ፎቶውን ማለቴ ነበር። እነሱ ድሪውን ሰሙ።

ሁለቱም ብድግ አሉ። አዴ ሹኔ እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩ። ጓዳ ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። የእናታቸው የብር አምባር ነው፤ ለሁለት ተሰብሯል።

«አንጥረኛ እኮ ጠፋ» አሉኝ። «እግዜር ነው አንተን ያመጣልኝ። ለሠርጉ አድርስልኝ። የእናቴን አምባር አድርጌ ነው ልጄን የምድረው።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። እናንተ እዚያ ብትኖሩ ትሉ ነበር። እኔ ግን ዓይናቸውን አየሁ፤ ዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበር። እውነቱን ልናገር የሄድኩበት ቤት ውሸት ጨምሬ፣ የተሰበረ አምባር በኪሴ ይዤ ወጣሁ።

ሰናይት ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች፤ ቀጥላ ደግሞ ሳቀች። «በል እንግዲህ፣ በሁለት ጣትህ ቆንጥጠህ አገጣጥመው» አለችኝ። «እንደዚያ አይደል ስልክ ላይ የምታደርገው?»

ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሱቁ በር ላይ ወደተቀመጡት ወደ ሐጂ ሄድኩ። አምባሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ከጆሮ ጌጡ እስከ ጨጨብሳው ሁሉንም ነገርኳቸው። ለካ ሐጂ የአዴ ጫልቱን ፎቶ አላዩትም፤ እትዬ ዘሐራ እንዳያዩት አድርገዋል።

«አሳየኝ» አሉ።

ስልኩን ተቀብለው ለፀሐይዋ ጀርባ ሰጡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እኔም አብሬ ደገፍኩት። ብዙ አዩት።

«እነዚህ ሦስት ፍሬዎች የኔ አይደሉም» አሉ በመጨረሻ። «ሦስቱም አንድ ናቸው። እኔ ሁለት አንድ ዓይነት ፍሬ ሠርቼ አላውቅም።»

«የእትዬ ዘሐራ ጣት ነበረበት፣ ሐጂ። ሞልቼው ነው።»

«ሌላው ግን…» አሉና ስልኩን አቀረቡት። «ሰው አንገት ላይ እንዲህ ነው ለካ የሚያርፈው» አሉ። «ጨረቃዋን የሠራኋት እዚህች የአንገት ጉድጓድ ላይ እንድትተኛ ነበር። በልቤ ለክቼ ነው የሠራኋት። ልክ መሆኗን ሳላይ ልሞት ነበር።»

ከሱቁ ውስጥ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ድምፅ መጣ። «ምን ማለትዎ ነው?» እትዬ ዘሐራ ሜትራቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «አደራ ብለው አልሰጡኝም? ይኸው አርባ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ! ስንት አገር ስንቀይር፣ ስንት ክፉ ቀን ሲመጣ፣ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም!»

«አደራ ያልኩሽ እንዳትሸጪው ነው፣ ዘሐራ። እንዳታደርጊው መች አልኩሽ?» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንገትሽ ላይ እሰሪው ብዬ ብሰጥሽ፣ ሳጥን ውስጥ አሰርሽው።»

እትዬ ዘሐራ ሜትሩን ጠቀለሉትና ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም የምገባበት ጠፍቶኝ ስልኬን ደጋግሜ ጠረግሁ።

«በል ተነስ» አሉኝ ሐጂ። «አልጋዬ ሥር የብረት ሳጥን አለ። ወናፉም እዚያው ነው።»

እንግዲህ በአንድ ጣት ሥነ ጥበብ ልሥራ ብዬ የተነሳሁ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ ወናፍ ነፋሁ። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዛሉ፣ እኔ አበላሻለሁ። የግራ ቅንድቤ ተቃጠለ። «ቀስ! ስልክ መጫን የለመደ ጣት!» ይሉኛል። ስልክ ላይ ስሳሳት ወደ ኋላ የሚመልስ ምልክት አለ፤ እሱን ነክቼ አዲስ እጀምራለሁ። ብር ግን አይመለስም። ሁለት ጊዜ አፍርሰን በሦስተኛው አምባሩ ያዘ፤ መጋጠሚያው ላይ ኪንታሮት የምታህል እብጠት ቀረች።

«ይፋቅ?» አልኳቸው።

«ተወው። የተሰበረ መሆኑ ቢታወቅ ምን አለበት?» አሉ።

እትዬ ዘሐራ በእነዚህ ቀናት ወጡ ገቡ፤ ለኔም ለሐጂም አንድ ቃል አልተነፈሱም። አዴ ጫልቱም በበኩላቸው ፎቶውን አላወረዱም።

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ስገባ የአንዱ ወገን ምድጃ ይንቦገቦጋል፤ የሙስሊሞቹ ምድጃ ቀዝቃዛ ነው። በጉ ቆሞ ያመሰኳል። አዴ ጫልቱ የሚያምር የባህል ቀሚስ ለብሰው፣ አንገታቸውን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልለው ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

«ቶንሲል ነው እላቸዋለሁ» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ድሪው ይቅር። ዘሐራ የሌለችበት ሠርግ ምን ሠርግ ነው? የሌሊሴን እትብት የቋጠረችው እሷ እኮ ናት። ፎቶውን ሂድ አውርደው።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ፍሬሙን ሳወርድ እትዬ ዘሐራ በሩ ላይ ቆሙ። በአንድ እጃቸው ጭልፋ፣ በብብታቸው ሳጥን። ከኋላቸው ሐጂ ቢላቸውን ይዘው።

«አንተ ደግሞ ምን ታወርዳለህ?» አሉኝ። «መልሰህ ስቀለው፤ ግድግዳው ያስቀይማል።»

ጓዳ ገቡ። እኔም ፍሬሙን እንደታቀፍኩ ተከተልኩ።

«ሻርፕሽን አውልቂ» አሏቸው አዴ ጫልቱን።

«ዘሐራ…»

«አውልቂ አልኩሽ። እንግዶቹ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ ነው። ቁጭ ሲሉ ትመልሺልኛለሽ።»

ድሪውን ከሳጥኑ አውጥተው አንገታቸው ላይ አሰሩላቸው። ሻኩራዎቹ ሲንሿሹ ሰማሁ፤ ስልኬ ይህን ድምፅ አያውቀውም። አዴ ጫልቱ ማልቀስ ጀመሩ።

«አታልቅሺ፣ ብር በእንባ ይጠቁራል» አሉ እትዬ ዘሐራ፤ እሳቸውም ግን ዓይናቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ ጠረጉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?»

እትዬ ዘሐራ አሰቡ። «አልሰጥሽም ነበር» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ለአሥራ አምስት ቀን እንቅልፍ ያሳጣኝ ጠብ በዚህች ተፈጸመ። ለኔ ይቅርታ የጠየቀ ማንም የለም።

ሱሉልታዎቹ እየዘፈኑ መጡ፤ አዴ ጫልቱ በር ላይ በድሪው ተንቆጥቁጠው ተቀበሏቸው። አዴ ሹኔ እልል አሉ። እንግዳው ቁጭ እንዳለ አዴ ጫልቱ ጓዳ ገብተው ቃላቸውን ጠበቁ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ዘሐራ የወጥ ሰሃን ይዘው ወደ ሙስሊሞቹ ጠረጴዛ ሲመጡ ድሪው አንገታቸው ላይ ነበር። ሐጂ ሊጎርሱ ያነሱትን እጃቸውን መልሰው አስቀመጡ። ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁ።

ይህን እያየሁ አንጀቴ ሊራራ ሲል አንድ እጅ ከኋላ ኮቴን ያዘኝ። ከነኪንታሮቱ የእናታቸውን አምባር ያጠለቁት አዴ ሹኔ ናቸው።

«ለሁለቱም ሠርተህላቸዋል ለካ!» አሉኝ። «ሦስተኛው የኔ ነው። ለፋሲካ አደርሰዋለሁ ካላልክ አለቅህም።»

አሁን ይኼን እንዴት እንደምወጣው ሐጂ እንኳ አያውቁም።

ሰኞ ዕለት ደግሞ እትዬ ዘሐራ አስጠሩኝ። ድሪውን አድርገው ከሐጂ ጎን ተቀምጠዋል። «አንሳን» አሉ። አነሳኋቸው። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ አንድም የሚቆረጥ ነገር የለበትም። ስልኩን ተቀብለው አዩት። አሰፉት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ድሪው የኔ ነው» አሉ። «አንገቱ ግን የጫልቱ ይሻላል። የኔን አንስተህ የሷን አድርግልኝ።»

«እትዬ፣ አንገት እኮ…»

«ድሪ ካወጣህ ካገባህ አንገት ምን ያቅትሃል?»

ሐጂ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ያቺን አንገት ብትነካት ሁለተኛ እዚህ በር እንዳትደርስ» አሉኝ።

ባልና ሚስት መሃል ሞተሩ እንደጠፋበት መኪና ቆሜ፣ ሥራ ረፍዶብኛል ብዬ ወጣሁ። ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ በዚያ በር አላልፍም። ወደ ማሰልጠኛው የምሄደው በአዴ ጫልቱ ጓሮ በኩል፣ የጎመን መደብ እየዘለልኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳልፍ ከልብስ ማስጫው ኋላ የማውቀው ድምፅ ጠራኝ።

«አንተ ልጅ! አንገቴን ለዘሐራ ልትሰጥ ነው የሚሉት እውነት ነው?»